ሲኦልና ገሃነም አንድ ናቸውን? ከደቻቱ ዳር የቀረበ ማብራሪያ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾቼ። የዛሬው ርዕሳችን ሲኦልና ገሃነም ነው። «ሙቀቱ በርትቶብህ ነው ወይ?» ብላችሁ እንዳትቀልዱብኝ፣ ድሬዳዋ መኖሬን አስቀድሜ አምኛለሁ።

አሁን የቆምኩት ደቻቱ ዳር ነው። እዩት፤ አሸዋ ነው፣ ደረቅ አሸዋ። ወንዝ ብለን እንጠራዋለን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የለበትም፤ ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሻገር ሰው እግሩ አይርስም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በዚሁ አሸዋ ላይ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ ወዲህ «ደቻቱ» የወንዝ ስም ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በደጋው በኩል ደመና ሲጠቁር ስሙን የሚጠራ ሰው አሸዋውን ሳይሆን ያንን ሌሊት ያስባል።

ይህን ያነሣሁት ገሃነምም የሸለቆ ስም ስለሆነ ነው። አዎን፣ የሸለቆ ስም! በዕብራይስጥ «ጌ ሄኖም» ማለት የሄኖም ሸለቆ ማለት ሲሆን፣ ሸለቆው ከአሮጌዋ ኢየሩሳሌም በስተደቡብ ምዕራብ ዛሬም አለ። በዚያ፣ ቶፌት በተባለው ስፍራ፣ ሰዎች ልጆቻቸውን በእሳት ይሠዉ ነበር። ንጉሥ ኢዮስያስ ስፍራውን ዳግም እንዳይሠዋበት አረከሰው፤ ነቢዩ ኤርምያስም «የእርድ ሸለቆ» የሚባልበት ዘመን እንደሚመጣ ተናገረ። ስሙ እንደ ደቻቱ ከቦታው አልፎ የፍርሃት ስም ሆነ። ምሳሌዬ የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው፤ የእኛ ጎርፍ ከደጋው የወረደ ዝናብ ነበር፣ የሄኖምን እሳት ግን የለኮሱት ወላጆች ናቸው።

ካለፈው ቪዲዮ በኋላ ብዙዎቻችሁ «ገሃነም እኮ የኢየሩሳሌም ቆሻሻ መጣያ ነበር፤ እሳቱ አይጠፋም የተባለውም ቆሻሻው ሁልጊዜ ስለሚነድ ነው» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ይህን ከሰባኪም ከመምህርም ሰምቻለሁ፤ እኔ ራሴ በዚሁ ቻናል ተናግሬዋለሁና ይቅርታ እጠይቃለሁ። አባባሉ በጽሑፍ መጀመሪያ የሚገኘው በ1200 እ.ኤ.አ. አካባቢ በኖረው አይሁዳዊ የቅዱሳት መጻሕፍት ሐተታ ጸሐፊ በዳዊት ቂምሒ ዘንድ ነው፤ ከጌታ ዘመን ከ1,100 ዓመታት በላይ ዘግይቶ ማለት ነው። በቁፋሮም ቢሆን እንዲህ ያለ ዘወትር የሚነድ የቆሻሻ ክምር መኖሩ አልተረጋገጠም። የማይጠፋው እሳትና የማይሞተው ትል የመጡት ከትንቢተ ኢሳይያስ የመጨረሻ ቁጥር፣ ከ66፥24 ነው። ደግሞስ ነገሩ የቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ኤርምያስ ያን ያህል ባላለቀሰ ነበር። ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ስህተቴን የምታርሙት እዚህ ሆናችሁ ነውና አድርጉ።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ መሠረቱን ስለምታውቁት በአጭሩ ልለፈው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሠረት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ የጻድቅ ከሆነች ወደ ገነት፣ የኃጥእ ከሆነች ወደ ሲኦል ትሄዳለች፤ ሁለቱም የቆይታ ስፍራዎች ናቸው። ከትንሣኤ ሙታንና ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ግን ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው ወደ መንግሥተ ሰማያት ወይም ወደ ገሃነመ እሳት ይገባሉ። ስለዚህ ሲኦልና ገሃነም አንድ አይደሉም። ፍትሐት የሚደረገው፣ በአርባና በሰማንያ ቀን ቄስ የሚጠራው፣ ተዝካር የሚወጣው የመጨረሻው ፍርድ ገና ስላልተሰጠ ነው፤ የተዝካሩ ድግስ ከጸሎቱ በልጦ ጎረቤት የሚፎካከርበት መሆኑን ግን እኔ አልወደውም።

መጽሐፈ ሄኖክም በ22ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ቆይታ ያሳያል። ሙሉ ቃሉ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነውና ይህን ለማንበብ ከእኛ የቀረበ ሰው የለም። ሄኖክ በምዕራብ በኩል ባለ ታላቅ ተራራ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን ተለያይተው የሚቆዩባቸውን ስፍራዎች ያያል፤ ለጻድቃን በተለየው ስፍራ ብርሃንና የውኃ ምንጭ አለ። ግንቦትን ድሬዳዋ ያሳለፈ ሰው ስለ ምንጩ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሞትና በትንሣኤ መካከል ያለውን ቆይታ በርዘኽ ይሉታል። እርሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ ከሐረር፣ ከጁገል ግንብ ሥር ሆኜ እመለስበታለሁ።