የ1978ቱ ፋሲካና የጀርመን የኑክሌር ፖሊሲ
በፍራንክፈርት ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና ቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፤

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ የኑክሌር አደጋዎችና የሕዝብ አስተያየት የአንድን አገር የኃይል ፖሊሲ እንዴት እንደሚቀርጹ የሚመለከት ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ የተፈቀደልኝ ጊዜ ግን ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሁላችንም በምንኖርባት በጀርመን ላይ እቆያለሁ። አልደብቃችሁም፤ ግብዣውን የተቀበልሁት ውስጤ የቀረ አንድ ቅሬታ ስላለ ነው። ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳራሽ ተሰብስበን ሳለ አንድ የማከብረው መሐንዲስ «ጀርመን የኑክሌር ጣቢያዎቿን የዘጋችው ባልተማሩ አሮጊቶች ፍርሃት ነው» ሲል ብዙዎቻችን አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ግን አንዲት እናት ትዝ አሉኝና እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. ፋሲካ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸውና 1986 በሉልኝ። ያኔ ሙኒክ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ተማሪዎች ነበርን፤ የመኖሪያ ሕንፃችን የጋራ ማድ ቤት ነበረው፤ በዓል በመጣ ቁጥር የሽንኩርቱ ሽታ እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣ ነበር። ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 26 ቀን፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ በሶቭየት ኅብረት የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ 4ኛ ማብላያ ፈነዳ። እኛም አልሰማን፣ ዓለምም አልሰማ። ሰኞ ጠዋት ሰሙነ ሕማማት ሲገባ፣ ስዊድን ውስጥ በፎርስማርክ የኑክሌር ጣቢያ የአንድ ሠራተኛ ጫማ የጨረር መቆጣጠሪያውን አስጮኸው፤ ስዊድኖቹም መጀመሪያ ያፈተለከው የራሳቸው ጣቢያ መስሏቸው ደነገጡ። ሶቭየት ኅብረት አደጋውን ያመነችው የዚያኑ ዕለት ማታ ነው፤ ያውም በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች። ማክሰኞ ምሽት የምዕራብ ጀርመን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ፍሪድሪክ ሲመርማን በቴሌቪዥን ቀርበው፣ አደጋው የደረሰው 2000 ኪሎ ሜትር ርቆ በመሆኑ በጀርመን ሕዝብ ላይ ጉዳት ይደርሳል ማለት ፈጽሞ የማይታሰብ ነው አሉ። ረቡዕ በደቡብ ባቫሪያ ዝናብ ወረደ።

ያ ዝናብ ከደመናው ይዞት የወረደው ሲዚየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ዛሬም በባቫሪያ ጫካዎች አፈር ውስጥ አለ። የጫካ አሳማ የሚያድኑ ሰዎች ሥጋውን ሳያስለኩ ለገበያ የማያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያች ረቡዕ ግን እኛ ጃንጥላ እንኳ አልያዝንም፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ልንገዛ ገበያ ወጥተን በስብሰን ተመለስን። ቅዳሜ ደግሞ ከመካከላችን አንዱ ከከተማው ውጭ ካለ ገበሬ ዘንድ ሄዶ ብዙ ሊትር ወተት አመጣ፤ ሌሊቱን ለመፈሰኪያ ዓይብ ተሠራ። ዶሮው ቀረበ፤ እንጀራው የስንዴ ቢሆንም እንጀራ ነበር፤ ዓይቡም በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን መሐል ላይ ተቀመጠ።

በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡ አንዲት እናት አብረውን ነበሩ። ልጃቸውን ለመጠየቅ መጥተው የሰነበቱ ናቸው። ጸሎቱ አልቆ እጃችን ወደ ገበታው ሲዘረጋ እርሳቸው ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ የምትማረው ኤሌክትሪክ ነው አይደል? ይህ ዓይብ ይበላል ወይስ አይበላም?» አሉኝ። እኔም የሚያውቅ ሰው ደስታ ተሰማኝ። ስለ ርቀቱ፣ ስለ ደመናው መሳሳት፣ አዮዲን 131 የተባለው ጨረር አመንጪ በስምንት ቀን በግማሽ እንደሚቀንስ አስረዳሁ፤ የሚኒስትሩንም ቃል ጨመርሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «የት ለካኸው?»

«አልለካሁም» አልኋቸው።

«ሚኒስትሩስ ለክቶታል?»

ዝም አልሁ። እርሳቸውም ሳህኑን በቀስታ ከአጠገባቸው ገፋ አድርገው፣ «55 ቀን የጾምሁት ፈጣሪዬን አምኜ ነው፤ ይህን የምበላው ማንን አምኜ ነው?» አሉ። ያን ፋሲካ ዶሮውን ያለ ዓይብ በላነው። በርበሬው እያስለቀሰን ሳህኑ መሐላችን እንደ ነጣ ዋለ። በማግስቱ እልኸኛ ሆኜ አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ደወልሁ። መጀመሪያ ያነጋገሩኝ ሰው ምንም ችግር የለም አሉኝ። መስመሩ ተቋርጦ እንደ ገና ስደውል ያነሡት ሰው ደግሞ ልጆች አሸዋ ላይ እንዳይጫወቱ፣ ጫማም ከበር ውጭ እንዲወልቅ መከሩኝ። መሥሪያ ቤቱ አንድ ነው፤ ቀኑም አንድ ነው።

በእነዚያ ሳምንታት ነገሩ ባሰ። የፌዴራሉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለአንድ ሊትር ወተት የአዮዲን መጠን እስከ 500 ቤኬሬል (የጨረር መለኪያ ነው) ድረስ ይፈቀዳል ሲል፣ አሁን የተሰበሰብንበት የሄሰን ክልል ግን 20 ቤኬሬል ብሎ ወሰነ። ፍራንክፈርት የሚደፋ ወተት ሙኒክ ይጠጣ ነበር ማለት ነው። እኒያ እናት ይህን ሲሰሙ «ላሟ ክልሉን ስትሻገር ነው እንዴ ወተቷ የሚበላሸው?» ብለው ሳቁ፤ እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ዓይብ ስታወጡ የሚቀረውን አጓት ታውቁታላችሁ። ከባቫሪያ የወተት ማቀነባበሪያዎች የወጣና ጨረር ያለበት በሺህ የሚቆጠር ቶን የአጓት ዱቄት በባቡር ፉርጎዎች ተጭኖ፣ የሚቀበለው ከተማ ጠፍቶ፣ ዓመታት ከተንከራተተ በኋላ ነው ሊንገን ውስጥ እንዲጸዳ የተደረገው።

ባልደረቦቼ፣ በእነዚያ ሳምንታት በሙኒክ ጎዳናዎች ልጆቻቸውን በጋሪ እየገፉ የወጡትን እናቶች አይቻለሁ። የያዙት መፈክር ስለ ፊዚክስ አልነበረም። ቁጥሩን አሳዩን ነው ያሉት። ቁጥሩን የሚያሳያቸው ሲያጡም ገንዘብ አዋጥተው መለኪያ ገዙ፤ በዚያው ዓመት ሙኒክ ውስጥ ተራ ዜጎች ያቋቋሙት የአካባቢ ጥናት ተቋም እስከ ዛሬ አለ። ወተት ለማስለካት ወረፋ የያዘን ሰው መሃይም ልንለው ነው? ሳይለካ «የማይታሰብ ነው» ያለውንስ ምን ልንለው ነው? እኔ በዚያ ገበታ ላይ ካሉት ሁሉ በትምህርት የምበልጠው ነበርሁ፤ እንደ ሳይንቲስት ያሰቡት ግን እርሳቸው ብቻ ነበሩ!

ይህ ደግሞ በቼርኖቤል የተጀመረ አይደለም። በ1975 ራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ቪል የተባለች መንደር ጣቢያ ሊሠራ ሲል ቦታውን የያዙት የካይዘርሽቱል ወይን አምራቾች ነበሩ። ጥያቄያቸው የገበሬ ጥያቄ ነበር፤ ከማቀዝቀዣ ማማዎቹ የሚወጣው እንፋሎት ፀሐይዋን ቢጋርድብንና ወይናችን ቢሻግት ተጠያቂው ማን ነው የሚል። የባደን ቩርተምበርግ ክልል ጠቅላይ ሚኒስትር ሃንስ ፊልቢንገር የመለሱላቸው በማስፈራራት ነው፤ ቪል ካልተሠራ አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ መብራት ይጠፋል አሏቸው። ቪል አልተሠራም። መብራቱም አልጠፋም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በባደን ምድር የኃይል ባለሥልጣን ሲናገር የሚሰማው ሁሉ ያችን ያልጠፋች መብራት እያሰበ ነበር።

እንግዲህ ወደ ፖሊሲው እንምጣ። በ1979 በአሜሪካ የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሃኖፈር ላይ ተሰለፈ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የታችኛው ሳክሶኒ ክልል ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርንስት አልብረሽት ጎርሌበን ላይ የታሰበው ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ መልሶ ማጣሪያ በፖለቲካ ረገድ ሊሳካ እንደማይችል አመኑ። ከቼርኖቤል በኋላ፣ በሰኔ 1986፣ የፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ከዚያም ወዲህ በምዕራብ ጀርመን አዲስ የኑክሌር ጣቢያ ግንባታ የተጀመረበት ጊዜ የለም። በባቫሪያ የቫከርስዶርፍ የኑክሌር ነዳጅ መልሶ ማጣሪያም በ1989 ተተወ። በ2000 መንግሥትና ኩባንያዎች ጣቢያዎቹ ቀስ በቀስ እንዲዘጉ ተስማሙ፤ በ2002 ሕግ ሆነ። በ2010 መገባደጃ መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ያን ስምምነት ከልሰው የጣቢያዎቹን ዕድሜ በአማካይ በ12 ዓመት አራዘሙት። ከሕዝብ ጋር ለዓመታት ሲደረግ የኖረ ክርክር የደረሰበት ስምምነት ነበር፤ በአንድ መከር ተገለበጠ።

መጋቢት 11 ቀን 2011 ጃፓን ውስጥ የፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ደረሰ። የጣቢያው የባሕር ግንብ ከ6 ሜትር በታች ነበር፤ የመጣው ማዕበል ወደ 15 ሜትር የሚጠጋ። በማግስቱ ከሽቱትጋርት እስከ ኔካርቬስትሃይም ጣቢያ ድረስ 45 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የሰው ሰንሰለት ተሠራ፤ ልብ በሉ፣ ሰልፉ ከአደጋው በፊት የታቀደ ነበር። ቁጣው ፉኩሺማን አልጠበቀም ማለት ነው፤ የጠበቀው የ2010ሩን ውሳኔ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ሜርክል ያራዘሙትን መልሰው አገዱ፤ አሮጌዎቹ ጣቢያዎች ቆሙ። በዚያው ወር ባደን ቩርተምበርግ ውስጥ ከ1953 ጀምሮ ሥልጣን ላይ የነበረው የሜርክል ፓርቲ ከመንበሩ የሚያወርደው የምርጫ ሽንፈት ደረሰበት፤ በግንቦትም ቪንፍሪድ ክረችማን የመጀመሪያው የአረንጓዴዎች ፓርቲ የክልል ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቁ። የቪል ወይን አምራቾች ክልል እንደ ሆነ አትርሱ። ሰኔ 30 ቀን የጀርመን ፓርላማ፣ ቡንደስታግ፣ የመዝጊያውን ሕግ በ513 ድምፅ አጸደቀ። ሜርክል ራሳቸው ፊዚክስ የተማሩ ሳይንቲስት ናቸው፤ ለምክር ቤቱ ያስረዱትም እንደ ጃፓን ባለ በቴክኖሎጂ በመጠቀ አገር ይህ ከሆነ፣ አይደርስም ብለው ይቀበሉት የነበረውን ቀሪ አደጋ ከእንግዲህ ሊቀበሉት እንደማይችሉ ነው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ጨረሩ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያሰላ ሥርዓት እያለ ትንበያው በጊዜው ለሕዝብ ባለመነገሩ፣ የናሚዬ ከተማ ነዋሪዎች ሸሽተው የተጠለሉት ጨረሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነበር። እኒያ እናት ያኔ በሕይወት አልነበሩም፤ ዜናውን ሳነብ ግን «የት ለካኸው» የሚለው ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ ነበር።

ፈረንሳይስ? ትሉኛላችሁ። እዚያም በ1986 ባለሥልጣናቱ ሕዝቡን ሲያረጋጉ ከርመው፣ ደመናው ድንበር ላይ ቆመ እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድባቸዋል፤ ፈረንሳይ ግን እንደ ጀርመን ጣቢያዎቿን በሙሉ አልዘጋችም። መልሴ አጭር ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የኃይል ጉዳይ የሚወሰነው ፓሪስ ነው፤ የጀርመን ሕዝብ ግን የክልል ምርጫና የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነበረው። ቁጣ በሁለቱም አገር ነበር፤ በር የነበረው በአንዱ ነው።

አሁን የምናገረው አንዳንዶቻችሁን ላያስደስት ይችላል። እኔ የኑክሌር ኃይል ደጋፊ ነበርሁ፤ አሁንም ነኝ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ኢዛር 2፣ ኤምስላንድና ኔካርቬስትሃይም 2 ሲጠፉ አዝኛለሁ፤ የድንጋይ ከሰል ማቃጠያዎች እስከ 2038 እንዲሠሩ እየተፈቀደ፣ ጭስ የማያወጡ ጣቢያዎችን አስቀድሞ መዝጋት ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። በዚያ ጊዜ በተሰበሰበ የሕዝብ አስተያየት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጀርመናዊም መዘጋቱን ተቃውሟል። ታዲያ የሕዝብ አስተያየት ተለዋዋጭ ነው እያልን ልንስቅበት ነው? በ2011 አንድ ክረምት ሙሉ መክሮ፣ የትኛው ይቅደም ብሎ የሚወስን መንግሥት ቢኖር ኖሮ ለኩባንያዎቹ በኋላ 2.4 ቢሊዮን ዩሮ ካሳ ባልተከፈለም ነበር። ጣቢያዎቹን ያጠፋቸው ፍርሃት ነው የሚል ካለ፣ ፍርሃቱን ለአርባ ዓመት ያጠጣውና የኮተኮተው ማን እንደ ሆነ አብሮ ይናገር!

ስለ ኑክሌር ቆሻሻው ብዙ ለማለት አስቤ ነበር፤ ሰዓቱ አልፈቀደም። ከፍተኛ ጨረር ላለው ቆሻሻ ቋሚ መቅበሪያ ቦታ ዛሬም አልተመረጠም፤ በዚህ ይብቃኝ።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ጉዳይ። አገራችንም የኑክሌር ጣቢያ ስለ መገንባት መናገር ጀምራለች፤ ማኅበራችንም የሙያ አስተያየት አዘጋጅቶ ለመላክ ኮሚቴ መርጧል። ረቂቁን አንብቤዋለሁ። አሥራ ስምንት ገጽ ነው፤ ስለ ሜጋዋት፣ ስለ ብድር፣ ስለ ማቀዝቀዣ ውኃ በሚገባ ያትታል። ከጣቢያው አጠገብ የሚኖረው ገበሬ ወተቱን ወስዶ በነፃ የሚያስለካበት፣ ከኤሌክትሪክ አምራቹ የማይታዘዝ ቤተ ሙከራ በየወረዳው እንዲኖር የሚጠይቅ ግን አንድ መሥመር እንኳ የለውም። ይህ አንቀጽ እንዲገባና ከሁሉም በፊት፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲቀመጥ ዛሬ ድምፅ እንዲሰጥበት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አመሰግናለሁ።