መጀመሪያ ሂርማታ፣ ከዚያ ጂሬን

(ለጅማ ወጣት አስጎብኚዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወጣት አስጎብኚዎች፣ የሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች፣ የባጃጅ አሽከርካሪዎች፣ ይህን አዳራሽ ያከበራችሁ አባቶችና እናቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

እኔ የምታውቁትን ልደግምላችሁ አልመጣሁም። ንጉሡ አባ ጅፋር ቁመተ ሎጋ እንደ ነበሩ፣ ቡና ከዚህ አካባቢ ጫካ እንደ ተነሣ በዚህ ከተማ ትናንት የተወለደ ሕፃንም ይናገረዋል። የመጣሁት ልሟገታችሁ ነው። እዚሁ ጅማ መንደራ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ ዕድሜዬን በጂኦግራፊ መምህርነት የጨረስኩ ሰው ነኝና ሙግት እወዳለሁ፤ ታገሡኝ።

ሙግቴ ይህ ነው፦ እንግዳ የምታስጎበኙበት ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው።

እንግዳው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የጊቤን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ደክሞት ይደርሳል። አብዛኛው ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ሚዛን ለማለፍ የሚያድር ነው። ገና ትንፋሹ ሳይመለስ በመኪና አፍሳችሁ ጂሬን ታወጡታላችሁ። ከእንጨት የተሠራውን ቤተ መንግሥት ይዞራል፣ ሰገነቱ ሥር ፎቶ ይነሣል፣ ሲመለስ ሙዚየሙን ያያል፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ይሄዳል። «እንዴት ነበር?» ስትሉት «በጣም ያምራል» ይላል። ያማረውን አይቷል፤ አልካድኩም። ያ ቤት ለምን እዚያ ኮረብታ ላይ እንደ ቆመና በማን ገንዘብ እንደ ቆመ ግን አልገባውም። እንዴት ይግባው? ገንዘቡ የመጣበትን ሰፈር መቼ አሳያችሁት?

ገንዘቡ የመጣው ከታች ነው፤ ከሂርማታ።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ሲገዙ ሂርማታ የደቡብ ምዕራቡ የሲራራ ንግድ መገናኛ ነበር። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየም፣ ከሊሙና ከጎማ ቡና ይመጣል፣ ኮረሪማ ይመጣል፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል። ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። አፍቃላ የሚባሉት የጊቤ ሙስሊም ነጋዴዎች በቅሎና አህያቸውን ጭነው እዚህ ይገናኙ ነበር። ገበያው ሹም ነበረው፣ መንገዱም ኬላ ነበረው፤ ቀረጡ ወደ ጂሬን ይወጣል። አባ ጅፋር በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለምኒልክ ገብረው፣ ጎረቤቶቻቸው በጦርነት ሲጠፉ እሳቸው አገራቸውን ሳያስነኩ ግማሽ ምዕተ ዓመት የቆዩት በብልሃት ነው ይባላል። ብልሃትስ ብልሃት ነው። ግን በየዓመቱ የሚገበረው ግብር በብልሃት ብቻ አይሞላም፤ ገበያ ይፈልጋል።

እንግዲህ ሂርማታን ካነሣን አንድ ነገር ሳንሸፋፍን እንናገር። በዚያ ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። ከደቡቡና ከምዕራቡ አገር ተማርከውና ተነጥቀው የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች በሂርማታ በኩል ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ጠረፍ ተነድተዋል። አስጎብኚዎቻችን ይህን ሲዘሉት እሰማለሁ። «እንግዳ ያሳዝናል» ይሉኛል። ቢያዝንስ? የዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ታሪክ በኩራት ተርኮ ሰው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን የሚጠርግ አስጎብኚ፣ አዋቂ እንግዳ ፊት ቢቆም የሚሰማውን ሐፍረት አስቡት። ደግሞ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች በዚህችው ከተማ አብረውን ይኖራሉ። በወግ፣ በአክብሮት፣ የማንንም ዘር ሳትጠቅሱ ተናገሩት እንጂ አትዝለሉት።

ገበያው ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ ይቆማል። በ1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጅማ ላይ ጥናት ያደረገው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ልዊስ፣ በበጋ ወራት ገበያው በደህና ቀን እስከ 30,000 ሰው ይስብ እንደ ነበር ጽፏል። ዛሬ ሱቁ በየደጁ ስለሆነ ሐሙስ እንደ ጥንቱ አገር አያናውጥም። ሆኖም ማለዳ ሄዳችሁ ቁሙ። ከገጠር የመጣችው እናት የቡና ጆንያዋ አፍ ላይ ተቀምጣ፣ ገዢው እፍኝ ሙሉ ዘግኖ በመዳፉ ሲያንከባልል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቷን ሲፈትሽ፣ እሷ ደግሞ ፊቱን እንጂ እጁን ሳታይ ስትጠብቅ ታያላችሁ። ዋጋው የሚታወቀው ከፊቱ ነው። እንግዳው ይህችን አንዲት ሰዓት ካየ በኋላ ስለ ቀረጥና ስለ ነጋዴ ስትነግሩት የምትሉትን ይሰማል።

ከገበያው ሳትርቁ የእንጨት ጠራቢዎቹን ፈልጉ። የጅማ በርጩማ በየመንገዱ ተደርድሮ ይሸጣል፤ እንግዳው ገዝቶ ይሄዳል፤ ሲሠራ ያየው ግን ጥቂት ነው። ባለሦስት እግሩ በርጩማ ተገጣጥሞ አይሠራም፤ መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። ጠራቢው የዋንዛውን ጉማጅ በመጥረቢያ ይከረክምና መቀመጫውን ጎድጎድ አድርጎ በመሮ ይፈለፍለዋል። ከዚያ ይገለብጠውና ከሦስቱ እግሮች መካከል ያለውን እንጨት ትንሽ በትንሽ እየቆነጠረ ያወጣዋል። ሥራው ያለቀ ሲመስል ነው አደጋው። አንዱ እግር ቢሰነጠቅ የሚቀጠልበት መላ የለም፤ የቀኑ ድካም ማገዶ ይሆናል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ድምፁ ይለወጣል፤ መዶሻው ይለሰልሳል። እንግዶቻችሁን እዚያ ድምፅ ላይ አቁሟቸው። ከዚያ ወዲያ ዋጋ የሚከራከር እንግዳ ካገኛችሁ ለእኔ አሳዩኝ።

ከሂርማታ ወደ ፈረንጅ አራዳ በእግር ውሰዷቸው። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ጅማን ለደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጎ ነበር። ዛፎቹን፣ በረንዳ ያላቸውን ግንብ ቤቶች፣ ሰፋፊዎቹን ግቢዎች እዩ። ሰፈሩ ያምራል፤ ጥላው ልብ ያሳርፋል፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ታያላችሁ። ግን «ጣሊያን አሳምሮ ሠራልን» እያላችሁ እንዳትተርኩ! ያ ፕላን ሲወጣ ነጩ በአንድ በኩል፣ ያገሬው ሰው በሌላ በኩል እንዲኖር ታስቦ ነው። ዛሬ እዚያ ግቢ በር ላይ ቆማ በቆሎ የምትጠብሰው ልጅ ያንን ፕላን አፍርሳዋለች። ይህን ንገሯቸው፤ በቆሎውንም ግዙላቸው።

ስለ አጂፕ ብዙ አልልም። የነዳጅ ማደያ ስሙን ሰጥቶት የቀረ ሰፈር ነው፤ ለምሳ ጥሩ ነው። ቂቶ ፉርዲሳም ተማሪው በርክቶ ሌላ ከተማ መስሏል፤ ማታ ማታ ወጣት እንግዳ ካላችሁ ውሰዱ፣ ሽማግሌ ከሆነ ተዉት።

አሁን ወደ ሰፈሬ ወደ መንደራ ልምጣ። አድልዎ አለበት ብትሉኝ አልከራከርም።

አወይቱ ወንዝ ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል። በቅርቡ ዳርቻው ላይ የመዝናኛ ሥራ ተሠርቷል፤ ደስ ይላል፤ እንግዳ ይወደዋል። እናንተ ግን እዚያ አታብቁ፤ ወንዙን ተከትላችሁ ወደ መኖሪያው ሰፈር ግቡ። መንደራ ውስጥ ከአንድ አጥር ሥር ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ የምኛ፣ ጉራግኛ ይሰማል። አቮካዶና ማንጎ ያልበቀለበት ግቢ ስትፈልጉ ትደክማላችሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል (ጅማ ላይ መቼ አይጥልም?) ሰው ሁሉ በየበረንዳው ይሰበሰባል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል። ያኔ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ የሚያልፍ ሰው «ግባ እንጂ ልጄ፣ ዝናብ እየመታህ!» ይባላል። ጤና አዳም ጣል የተደረገበት ቡና ይቀርብለታል። ቤቱ ደህና ከሆነ በብርሌ ብርዝ ይመጣል፤ የጅማን ማር የሚያውቅ ሰው ብርዙን አንዴ ከቀመሰ ሁለተኛውን እንቢ አይልም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የእናንተ ሥራ የሚከብደው። የመንደራ እናት የምትጠራው ጎረቤቷን ነው፤ ካሜራ የያዘ ጭፍራ አይደለም። ካልታወቃችሁበት ሰፈር እንግዳ ይዛችሁ አትግቡ። ቀድማችሁ ብቻችሁን ሂዱ፣ ቡናዋን ጠጡ፣ «እትዬ፣ ሐሙስ ሦስት ሰዎች ይዤ ብመጣ ምን ይሉኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። እንቢ ካለች እንቢ ነው። እሺ ካለች ደግሞ የቡናውን፣ የስኳሩን፣ የከሰሉንና የጊዜዋን ዋጋ ክፈሉ፤ እንግዳው ፊት ሳይሆን አስቀድማችሁ፣ በእጇ። «ባህላችን እንግዳ ተቀባይነት ነው» እያላችሁ በሰው ቡና የምታተርፉ ከሆነ እኔ ነኝ መጀመሪያ የምከሳችሁ። ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶ ማስነሣትማ ጨርሶ አይነሣ።

ወንዙን ይዛችሁ ከወረዳችሁ መጨረሻው ቦዬ ነው። ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው ረግረግ። ብዙ ሰው ቦዬን የሚያውቀው በጉማሬው ነው። ጉማሬ ጥሩ ነው፣ ግን ፈቃዱ ሲሆን ነው የሚታየው፤ ለእንግዳ ቃል አትግቡ። ወፎቹ ግን አሉ። በአካባቢያችን ረግረጎች ክሬን ከሚባሉት እግረ ረጃጅም ወፎች ራሱ ላይ አክሊል የደፋው ጥቁሩና ከአገጩ ሥር ቆዳ የሚንጠለጠልበት ትልቁ ይታያሉ፤ ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች ለእነዚህ ብለው ውቅያኖስ ያቋርጣሉ፣ እኛ በአጠገባቸው በባጃጅ እንበርራለን። ሸክላ ጡብ ለመሥራት የተቆፈረውን ጉድጓድ፣ እየገባ ያለውን ባሕር ዛፍ፣ አወይቱ ከከተማ ይዞት የወረደውን ፕላስቲክም አብራችሁ አሳዩ። ጡብ ሠሪውን አትኮንኑት፤ እኛ ቤት የሠራነው በእሱ ጡብ ነው። ግን ያ ረግረግ የከተማዋ ኩላሊት ነው፤ ውሃችን እዚያ ሳይጣራ ወደ ጊልገል ጊቤ አይወርድም። ግድቡ ደግሞ ከታች አለ፤ ቀሪውን እናንተ አስቡት።

ቡና ወዳድ እንግዳ ከገጠማችሁ አንድ ስጦታ ልስጣችሁ። በውጭ አገር ውድ የቡና ቤቶች ከረጢት ላይ «74110» ወይም «74112» የሚል ቁጥር ተጽፎ ይሸጣል። ጠጪው ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል፤ ከየት እንደ መጣ አያውቅም። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ማሳውን ሲያጠፋ፣ የእኛ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከየጫካው መርጠው አወጡ። እነዚያ ቁጥሮች በ1974 እ.ኤ.አ. የተመረጡት ናቸው፤ የተጠኑትም እዚሁ አጠገባችን መልኮ፣ በጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ለጉብኝት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ባይገኝ እንኳ ታሪኩን በስኒ ላይ ንገሩት፤ ዓይኑ ሲፈጥ ታያላችሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ያኔ ጂሬን ውጡ። ከመሐል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቤተ መንግሥቱን ከማስጎብኘታችሁ በፊት እንግዳውን ፊቱን ወደ ከተማው አዙራችሁ አቁሙት። ጠዋት የቆመበትን ገበያ፣ ቀትር ላይ ያረፈበትን ጥላ፣ ዝናብ ያስጠለለውን ሰፈር ራሱ በጣቱ ይጠቁማችኋል። ከዚያ ወደ ውስጥ ሲገባ ያንን የእንጨት ጥርብ ያውቀዋል፤ መሮው ሲመታ ሰምቷልና። ንጉሡ ለምን ከፍታ ላይ ተቀመጡ ብላችሁ ጠይቁት፤ ሳትነግሩት ይመልሳል።

የሆቴል ባለቤቶች ሒሳቡን ቀድማችሁ እንዳሰባችሁት አውቃለሁ። አዎ፣ ይህ ጉብኝት በግማሽ ቀን አያልቅም፤ እንግዳው አንድ ሌሊት መጨመሩ ነው። ስለዚህ በነፃ ልታግዙ ይገባል፦ ሐሙስ ማለዳ ለሚወጡ እንግዶች ቁርስ ቀደም ብሎ ይሰናዳ፣ አስጎብኚውንም በር ላይ አታቁሙት።

በመጪው ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሂርማታ እጠብቃችኋለሁ፤ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ይምጣ፣ መንገዱን አብረን እንሄደዋለን። ቦዬ ድረስ በእግር ስለሆነ ነጭ ጫማ አታድርጉ፤ ጃንጥላ ያዙ። ለሁለት ቤት ቡና አስቀድሜ ተናግሬያለሁ፣ ከሃያ ሰው በላይ ከሆናችሁ ግን ሦስተኛ ቤት መለመን ይኖርብኛልና ስማችሁን ስትወጡ በር ላይ አስመዝግቡ። አሁን የምትከራከሩኝ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ በኩል እንጀምር።