የፊላሬቴ ትንሹ የነሐስ ፈረስ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን በጀርመን ድሬስደን ስለሚገኘው፣ የ15ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊ ቀራጭና የሕንጻ ባለሙያ አንቶኒዮ አቬርሊኖ (ፊላሬቴ) በሮም ካለ ትልቅ ጥንታዊ ሐውልት ቀድቶ ስለሠራው ትንሽ የነሐስ ፈረሰኛ ተነጋግረን ነበር። የደረሱን ጥያቄዎች እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአዳማ የደወሉ እናት፦ ቁመቱ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ብላችኋል። ለፍሎረንሱ ፒዬሮ ደ ሜዲቺ ይህን ያህል ትንሽ ፈረስ ምን ይሠራለታል?

እማማ፣ ፒዬሮ ፍሎረንስን በተግባር ይመራ የነበረው የሜዲቺ ቤተሰብ አለቃ ሲሆን፣ በሪህ የሚሠቃይ ሰው ነበር። ፊላሬቴ ራሱ እንደጻፈው፣ ሰዎች ተሸክመው ወደ ንባብ ክፍሉ ያስገቡትና መጻሕፍቱን፣ የከበሩ ድንጋዮቹንና ትንንሽ ቅርጾቹን ሲያይ ይውል ነበር። አደባባይ ላይ የሚቆም ሐውልት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አይሆንም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ግን ይሆናል።

ነገር ግን ፈረሱ ሲሠራ ለፒዬሮ የታሰበ አይመስለኝም። መቆሚያው ላይ በላቲን የተቀረጸው ጽሑፍ፣ ፊላሬቴ ቅርጹን በነሐስ የሠራው በሮም የቅዱስ ጴጥሮስን የነሐስ በሮች በሚሠራበት ጊዜ ነው ይላል። በሮቹ ያለቁት በ1445 ነው፤ ፈረሱ ለፒዬሮ በስጦታ የተሰጠው ግን በ1465። እንግዲህ ጽሑፉን ካመንነው ሃያ ዓመት ያህል ከእጁ አልወጣም። በ1465 ደግሞ በሚላኑ መስፍን በስፎርዛ ቤት የነበረው ሥራ እያበቃ ነበር። ስለ ሕንጻ ጥበብ የጻፈውን መጽሐፍ አንድ ቅጂም ለዚሁ ለፒዬሮ አበርክቷል። እጅ መንሻ ነው ቢባልም፣ እኔ የሥራ ማመልከቻ አድርጌ ነው የማየው። ጽሑፉ ፒዬሮን «መልካም ዜጋ» ይለዋል፤ ፍሎረንስ በስም ሪፐብሊክ ስለነበረች ሜዲቺዎች ገዥ ተብለው መጠራት አይችሉም ነበር።

ከባሕር ዳር፦ ፈረሰኛው ማርቆስ አውሬሊዮስ ነው ወይስ ኮሞዱስ?

ዛሬ የሮም ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዮስ መሆኑ ታውቋል፤ ኮሞዱስ ልጁ ነው። ፊላሬቴ የቀዳው ትልቁ ሐውልት ያኔ በሮም በላተራን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ ወደ ከተማዋ ካፒቶሊኖ አደባባይ የተዛወረው በ1538 በጳጳስ ጳውሎስ ሣልሳዊ ትእዛዝ ነው። በዘመኑ ብዙ ሰው ቆስጠንጢኖስ ይለው ነበር። ፊላሬቴ ግን «በተለምዶ እንደሚባለው» ብሎ ኮሞዱስን ጻፈ። ዝም ብሎም አልገለበጠም፤ ከተነሣው የፊት እግር ሥር የራስ ቁር አስቀምጧል፣ የፈረሱንም ልጓምና ጌጥ አበልጽጓል።

ከሐዋሳ፦ በአንዱ ቅርጽ ብዙ ፈረስ ማውጣት ይቻላል?

በጥንቱ መንገድ አይቻልም። መጀመሪያ ፈረሱ በሰም ይሠራና በሸክላ ይሸፈናል፤ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፣ በቦታው የቀለጠ ነሐስ ይገባል፣ የሸክላው ቅርጽም ነሐሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሰበራል፤ ከተበላሸ እንደገና ከሰም መጀመር ነው። በጣሊያኗ ማንቱዋ ይሠራ የነበረው ቀራጭ አንቲኮ ግን የሰሙን ቅጂ ደጋግሞ የሚያወጣበትን ቅርጽ ያስቀምጥ ነበር። በ1519 ከማንቱዋ ገዥ ቤተሰብ ለነበረችው ለኢዛቤላ ዴስቴ የድሮ ሥራዎቹን እንደገና በነሐስ ሊሠራላት የቻለው በዚህ ነው።

ከዋሽንግተን፦ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ፈረሱን አያገናኘውም፤ በሮቹን ግን ያገናኛቸዋል። የኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያን አለቃ አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው መነኮሳት በ1441 ከግብፅ ልዑካን ጋር በፍሎረንሱ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተገኝተው ወደ ሮም ዘልቀው ነበር፤ ፊላሬቴም የልዑካኑን ጉዞ በሮቹ ላይ ቀርጾታል። ሮም ከሄዱ በቅዱስ ጴጥሮስ ማዕከላዊ በር፣ በትልልቆቹ ምስሎች መካከል ባሉት ጠባብ ረድፎች ላይ ይፈልጉት።