ዶቬሚ፣ ዶን፣ ታኩሩፋኑ፦ የማልዲቭስ ሰዎች ስም ከየት መጣ?

[ምስል፦ ከአየር ላይ የተቀረጹ ትናንሽ የኮራል ደሴቶች]

ማልዲቭስ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ባሕሩና ሪዞርቱ ነው። ዛሬ እሱን እንለፈውና ስለ ሰዎቹ ስም እናውራ።

አንድ የማልዲቭስ ሰው ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ስም አለው። አንደኛው መታወቂያው ላይ የሰፈረው ነው፤ እሱ በአብዛኛው ከዐረብኛ የመጣ ነው። ሌላው ቤተሰብና ጎረቤት የሚጠራበት ነው። ይኼኛው የአገሩ ቋንቋ የዲቬሂ ነው። ዲቬሂ የስሪላንካው ሲንሃላ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሥሩም ከሕንድ ቋንቋዎች ይመዘዛል።

እንዴት እንዲህ ሆነ? መልሱ ያለው በ1153 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

[ምስል፦ በዋና ከተማዋ በማሌ ያለው ከኮራል ድንጋይ የተሠራ ጥንታዊ መስጊድ]

እስከዚያ ዓመት ድረስ ደሴቶቹ የቡድሂስት ነበሩ። ንጉሡ ዶቬሚ ይባላል። የንግሥና ማዕረጉ ውስጥ «ሲሪ ቲሪቡቫና አዲታ» የሚል አለ። ቃሉ በቀጥታ ከጥንቱ የሕንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት የመጣ ነው፤ የሦስቱ ዓለማት ፀሐይ ማለት ነው። ይህ ንጉሥ ሲሰልም ሙሐመድ ተባለ። አገሩም ተከተለው።

ግን አሮጌው ስም ሙሉ በሙሉ አልተጣለም። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ሲደርስ ዙፋኑ ላይ ያገኘው ሴት ነው፤ ሱልጣና ኸዲጃን። ስሟ የነቢዩ ሙሐመድ የመጀመሪያ ሚስት ስም ነው። ማዕረጓ ግን «ስሪ ራዳ አባራና ማሃ ሬሄንዲ» ይላል። ሬሄንዲ ንግሥት ነው፤ «ማሃ» ደግሞ ታላቅ። ንግሥቲቱ እስላም፣ ስሟ ዐረብኛ፣ ማዕረጓ ግን የቡድሂስቶቹ ነገሥታት ቋንቋ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ንጉሡን ያሰለመው ማን ነው? ኢብን ባቱታ «አቡል በረካት አልበርበሪ» ይለዋል፤ ከማግሪብ፣ ማለትም ከሰሜን አፍሪካ ምዕራብ የመጣ ሰው ነው ይላል። የደሴቶቹ ዜና መዋዕል ደግሞ ከፋርሷ ከተማ ከታብሪዝ የመጣ ነው ብሎ «ታብሪዚ» ይለዋል። ክርክሩ ያለው በነጥብ ላይ ነው። በዐረብኛ ጽሕፈት ነጥቦቹ ካልተደረጉ «አልበርበሪ» እና «አልታብሪዚ» እጅግ ይመሳሰላሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ «በርበሪ» የምትለዋን ቃል ወደኛው ቀንድ፣ ወደ ሶማሌ ጠረፏ በርበራ ይወስዷታል። በርበራ የጥንት ወደብ ናት፤ ንግዱም በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነበር። ስለዚህ ሐሳቡ እንዲሁ የሚጣል አይደለም።

[ምስል፦ የታና ፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲጻፍ]

ወደ ዛሬ እንምጣ። ሴቶቹ ፋቲማት፣ አሚናት፣ አይሻት ይባላሉ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ከየት መጣች? ከዐረብኛው ከራሱ ነው። ዐረቦች ስሙ ብቻውን ሲጠራ ይውጧታል፤ ማልዲቮች ግን አውጥተው ይጠሯታል። የኛዎቹ ወሎዬዎች ፋጢማን ፋጡማ እንዳሉት ነው፤ ስሙ ያው ነው፣ አፉ የአገሩ ነው። የማልዲቭስ ፊደል ታና ይባላል። ለዐረብኛ ድምፆች ተብለው ነጥብ የተጨመረባቸው ተጨማሪ ፊደሎችም አሉት።

ችግሩ ግን የዐረብኛው ስም ያው እየተደጋገመ መምጣቱ ነው። ከ2008 ወዲህ አገሪቱን ከመሩት አምስት ፕሬዚዳንቶች ሦስቱ ሙሐመድ ናቸው፤ ናሺድ፣ ዋሂድና ሙኢዙ። በየደሴቱ ስንት ሙሐመድ እንዳለ አስቡት! ስለዚህ ቅጽል ስም ግድ ይላል። ሙሐመድ ናሺድን ሕዝቡ «አኒ» ይለዋል። ሌላውን ፕሬዚዳንት ኢብራሂም ሶሊህን ደግሞ «ኢቡ»።

ዲቬሂ ቋንቋው የተደበቀው እዚህ ነው፤ በቅጽል ስም ውስጥ። «ዶን» ማለት ቀላ ያለ፣ ቀዩ ማለት ነው። «ካሉ» ጥቁር። «ኩዳ» ትንሽ፣ «ቦዱ» ትልቅ። ተራ ሰው ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን። «ካሉ ሙሐመድ» የተባለ ሱልጣን ነበር። በ1759 የነገሠው ሐሰን ኢዙዲን ደግሞ የሚታወቀው «ዶን ባንዳራይን» በሚል ነው።

[ምስል፦ የታኩሩፋኑ የትውልድ ደሴት ኡቲሙ]

ፖርቱጋሎችን በ1573 ያባረረው ጀግናም እንዲሁ ነው። የተሰጠው ስም ሙሐመድ ነው። አገሩ ግን የሚጠራው «ቦዱ ታኩሩፋኑ» ብሎ ነው፤ ታላቁ ታኩሩፋኑ። «ታኩሩ» ከሕንዶቹ «ታኩር» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ጌታ ማለት ነው። «ፋኑ» ደግሞ የአክብሮት ቅጥያ ናት። እንዲህ ያሉ ማዕረጎች፣ ዲዲ፣ ማኒኩ፣ ካሌጌፋኑ፣ ሰውየው ከየትኛው ወገን እንደተወለደ ይናገሩ ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሙሐመድ አሚን ዲዲ ነው፤ «ዲዲ» የምትለዋ ዘሩ ከመኳንንት እንደሆነ ታሳያለች።

የአባት ስምም አለ፤ ግን ሁሉም ጋ አይደለም። አገሪቱን ለ30 ዓመት የመሩት ማሙን አብዱል ጋዩም ልጆች ዱንያ ማሙንና ፋሪስ ማሙን ይባላሉ። ናሺድ ግን የሙሐመድ ናሺድ የአባት ስም አይደለም፤ የራሱ ሁለተኛ ስም ነው።

ሰውን ከሰው ለመለየት ከሁሉ በላይ የሚሠራው ግን የቤት ስም ነው። በማሌ ቤቶች በቁጥር ብቻ ሳይሆን በስም ይታወቃሉ። «ጌ» ቤት ማለት ነው። የማሙን አባት በወግ ስማቸው አብዱል ጋዩም ኢብራሂም ናቸው። ሰው የሚያውቃቸው ግን «ማፋይጌ ዶን ሲዲ» በሚለው ነው። የማፋይ ቤቱ ቀዩ ሲዲ እንደማለት ነው። ቤቱን ይነግራችኋል፣ መልኩን ይነግራችኋል፣ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

[ምስል፦ ቬላና ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ]

በአውሮፕላን ማልዲቭስ የሚሄድ አብዛኛው ሰው የሚያርፈው በቬላና ነው። ማረፊያው ቀድሞ የሚጠራው በፕሬዚዳንት ኢብራሂም ናሲር ስም ነበር። በ2017 ስሙ ተቀየረና ቬላና ተባለ። ቬላና የናሲር ቤተሰብ ቤት ስም ነው። ለውጭ እንግዳ የናሲር ስም ተነሥቶ ሌላ ስም የገባ ይመስላል። ለማሌ ሰው ግን ቬላና ሲባል አሁንም የሚነሣው ናሲር ነው።