አልጋ ሥር ምን አለ? የጅማን ቤት ከክረምት በፊት ማቅለል

(ምስል፦ የአልጋ ልብስ ሲገለጥ፤ ከሥሩ ካርቶን፣ ማዳበሪያ፣ ጀሪካን)

እስቲ የአልጋ ልብሱን ገለጥ አድርጉ። እኔ ዛሬ የራሴን ገለጥኩ። ክዳን የሌለው ጀሪካን፣ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ የአንድ እግር ጫማ። ቴሌቪዥኑ ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው። ግራው ጫማ የት እንዳለ አትጠይቁኝ።

ዕቃ ሲበዛ ቤት ይጠባል። ጅማ ላይ ደግሞ ይሻግታል። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ እርጥበቱም አየር የማይደርስበትን ጥግ ይወዳል። ስለዚህ እዚህ ዕቃ መቀነስ ማለት ለአየር መንገድ መልቀቅ ነው።

(ምስል፦ ፀሐያማ ግቢ፤ ሰሌን ላይ የተዘረጋ ዕቃ)

ፀሐይ የወጣችበትን ጠዋት ምረጡ። ቤቱን በሙሉ አትነካኩ፤ አልጋ ሥር ብቻ። ሁሉንም አውጡና ሰሌን ላይ ዘርጉት። አንድ በአንድ እያነሳችሁ «ካለፈው ክረምት ወዲህ ነክቼዋለሁ?» በሉ። ካልነካችሁት ይሂድ። ደህናው ልብስ ለሚለብሰው ይሰጥ፤ ብረትና ጠርሙሱን ቆራሌው ይውሰደው። እግሩ የወለቀ በርጩማ አለ? እንጨት ሠሪ በሞላበት ከተማ «አንድ ቀን አሠራዋለሁ» ማለት ያሳፍራል። በዚሁ ሳምንት ካልተሠራ ማገዶ ነው።

ልዋጭ ላይ ግን ተጠንቀቁ! እናቴ ሦስት አሮጌ ኮት ሰጥታ ሁለት ሳፋ ይዛ ገባች። ሳፋዎቹ አሁን የት ናቸው? አልጋ ሥር።

(ምስል፦ ወጥ ቤት)

ወጥ ቤት ብዙ አያቆየንም። ክዳኑ የጠፋ የፕላስቲክ ዕቃ በሙሉ ይውጣ። ቡፌው ውስጥ ስላሉት የእንግዳ ብርጭቆዎች እናቴን ማሳመን አልቻልኩም፤ እናንተም አትሞክሩ። ጥሬ ቡናውን ግን አደራ። ሽታም እርጥበትም ይስባል። ከሳሙናና ከላምባ አርቁት፣ ጆንያውንም ጣውላ ላይ አስቀምጡት እንጂ ሲሚንቶ ላይ አይረፍ። አለዚያ ስኒው ላይ ታገኙታላችሁ።

(ምስል፦ ሁለት ሰው ቁምሳጥን ሲገፉ)

አሁን ቁምሳጥኑ። ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቁት። ጀርባው ላይ ሻጋታ ካያችሁ በደረቁ አትጥረጉት፤ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉና በሮቹን ከፍታችሁ በደንብ ይድረቅ። ጋቢውን በፌስታል ጠቅልላችሁ አትመልሱ፤ ጥቂት እርጥበት ከቀረበት እዚያው ታፍኖ ይሸታል። ንጹሕ የትራስ ልብስ ይሻለዋል። ሲገባም ጥቅጥቅ አይበል፤ እጃችሁ በልብሶቹ መሃል ሳይጨናነቅ ማለፍ አለበት።

(ምስል፦ ከቁምሳጥኑ ጀርባ፣ በቅርበት)

ይኸውላችሁ፣ ግራው ጫማ። ፂም አብቅሏል።