ኳሷን ረስታችኋል

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት ኳስ፣ በእሷም በኩል ስለ ክለብና ስለ ሰፈር ላወራችሁ ነው የመጣሁት።

ጃን ሜዳን ቅዳሜ ጠዋት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እዚህ የጤና ቡድን ይጫወታል። እዚያ አንዱ ብቻውን ዱብ ዱብ ይላል። ወዲያ ጥግ ላይ ደግሞ ታዳጊዎች ይሠለጥናሉ። እኔ ከታዳጊዎቹ ጋ ነኝ። አሠልጣኝ አይደለሁም። ስም እመዘግባለሁ፣ ውኃ አመጣለሁ፣ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ካለ እጠርግለታለሁ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ሊጎበኘን መጣ። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው የተነሡት። ማልያ የሌለው ከወንድሙ ተውሶ መጣ። አውቶቡሱ ሲቆምና ተጫዋቾቹ ሲወርዱ የነበረውን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ። ትልቅ ባነር ተዘረጋ። ደብተር ታደለ። ከዚያ ስምንት አዳዲስ ኳሶች ከመረብ ወጡ። የእኛ ኳስ የውስጥ ላስቲኳ በስፌቱ በኩል አብጦ ወጥቶ፣ ኮቻችን በወስፌ እየሰፋ የሚያሰነብታት ናት። እና ስምንት አዲስ ኳስ በአንድ ጊዜ ሲታይ አስቡት።

አርባ ደቂቃ ያህል አብረው ተጫወቱ። አንዱ ተጫዋች የአንድ ልጅ ታኬታ ክር ተፈትቶ አየና በርከክ ብሎ አሰረለት። ልጁ ያንን ክር ሳይፈታ ሳምንቱን ሙሉ ታኬታውን እንደ ነጠላ ጫማ ሲያወልቅና ሲያጠልቅ ከረመ። ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ፎቶ ተነሡ። አንድ ሰው መረቡን ይዞ ኳሶቹን ሰበሰበ። ሰባቱን አገኘ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አንዱ የእኛ ልጅ ስምንተኛዋን ከአጥሩ ሥር አገኛትና እያለከለከ ሮጠ። በሩን እየደበደበ «ረስታችኋል! ኳሷን ረስታችኋል!» ይላል። በሩ ተከፈተ። አንድ እጅ ኳሷን ተቀበለው። በሩ ተዘጋ።

ልጁ ከፍቶት አልነበረም። ደስ ብሎት ነው የተመለሰው፣ ታማኝ ሆኗላ። የከፋኝ እኔ ነኝ።

ተጫዋቾቹን አልወቅስም። አብዛኞቹ ከእንዲህ ዓይነት ሜዳ የወጡ ልጆች ናቸው። ሰውየውም የተሰጠውን ንብረት ቆጥሮ ማስረከብ አለበት። ግን ከዚያ በኋላ ለሦስት ቅዳሜ ልጆቹ «ዛሬስ ይመጣሉ?» እያሉ ጠየቁኝ። በአራተኛው ተዉት። ሕፃን መጠየቅ ሲተው ያማል።

ይኼን ጉዳይ የማነሣው ክለብና ሰፈር በዚህ ከተማ ባዕድ ስላልነበሩ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን ተመልከቱ። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲቋቋም ከላይ የመጣ በጀት አልነበረም። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ናቸው ጓደኞቻቸውን ሰብስበው የጀመሩት። ስሙ ራሱ የሰፈሩ ታቦት ስም ነው። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ከሃያ ዓመት በላይ የለበሱት ይህንኑ ማልያ ነው። ያኔ ሰፈሩ ክለቡን ወለደው እንጂ ክለቡ ሰፈሩን ሊጎበኝ አልመጣም።

እኔ ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በልጅነቴ እሑድ ከሰዓት ሰፈሩ ለሁለት ይከፈል ነበር። የጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ክለብ ደጋፊ ሆኖ። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግር ወደ ስታዲየም እንወርዳለን። ካታንጋ ወደሚባለው የስታዲየሙ የተመልካች ክፍል ለመግባት ገንዘብ ያልሞላለት ልጅ ውጭ ቆሞ በጩኸቱ ብቻ ማን እንዳገባ ያውቃል። በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣንበት ስታዲየም ነው። ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነበር። ከጨዋታ በኋላ ተጫዋቹ በአጠገብህ ያልፋል። ትከሻውን ትነካዋለህ። ማንም ማኅበራዊ አገልግሎት ብሎ ስም አላወጣለትም፣ ግን እኮ እሱ ነበር።

ከ2013 ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ጀመረ። ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማ። የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ተዘጋ። ጊዮርጊስ በ2014ም በ2015ም ዋንጫ ሲወስድ የአራዳ ልጅ ያየው በዲኤስቲቪ ነው። በቴሌቪዥን ማየት ቀላል አይደለም፣ አመሰግናለሁ። ግን ትከሻ አይነካበትም።

ቀጥሎ ሰፈሩም ራሱ ተነሣ። በ2016 የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የእኔ ጎረቤቶች ተበተኑ። አንዱ አራብሳ፣ አንዷ ኮዬ ፈጬ፣ ከከተማው ዳር ወዳሉት ኮንዶሚኒየሞች። ጃን ሜዳ ለልምምድ ከሚመጡት ልጆቻችን ሁለቱ አሁን በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ ነው የሚመጡት። እናታቸው «ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት ይችን ቀን ነው» ብላኛለች።

ስለዚህ ክለብ «ለአካባቢዬ ማኅበረሰብ» ሲል የትኛውን አካባቢ ማለቱ እንደሆነ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ደጋፊው የድሮው ቦታ ላይ የለም። አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሥር ቢጫ ማልያ ለብሶ የሚጫወተው ልጅ እኮ የአራዳ ልጅ ነው።

ብዙዎቹ ክለቦቻችን በመንግሥት ወይም በድርጅት በጀት የሚኖሩ ናቸው። ገንዘብ እንደሚያጥራቸው አውቃለሁ፣ ደሞዝ ዘግይቶበት የተቸገረ ተጫዋችም አውቃለሁ። ግንባታ ሥሩልን አልልም። የእኛን ኮች ልንገራችሁ። በወጣትነቱ በከፍተኛ ሊግ ተጫውቷል። አሁን ጥበቃ ነው የሚሠራው። ዓርብ ሌሊት ሲያድር ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ወጥቶ ቀጥታ ሜዳ ይመጣል፣ ዓይኑ ቀልቶ። የሚከፍለው የለም። ከልምምድ በፊት የሳምንቱን ደብተር ያያል፣ የቤት ሥራ ያልሠራ በመጀመሪያው ጨዋታ አይሰለፍም። ጃን ሜዳ በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ሆኖ በሰነበተበት ወቅት እንኳ ልጆቹን በየሰፈሩ ኮብልስቶን ላይ ሰብስቦ አሠልጥኗል።

አንድ ክለብ ከዚህ ሰውዬ ጎን ቢቆምስ? በወር አንድ ቅዳሜ፣ ተጠባባቂ የሆነ አንድ ተጫዋች፣ ያለ ባነር። ለኮቹ የታክሲ ወጪ። ሦስት ኳስ፣ ለልጆቹ ተብሎ ርክክብ ተፈርሞባቸው እዚያው የሚቀሩ። ልጆች አሥር ቅዳሜ በተከታታይ የመጣን ሰው ስሙን ብቻ አይደለም የሚያውቁት፣ እሱ ሲቀር ምን ሆኖ ይሆን ብለው ይጨነቁለታል።

ያ ኳስ መላሽ ልጅ አሁን ረዝሟል፣ ድምፁም ጎርንኗል። ባለፈው ቅዳሜ ኮቹ ሥራ ይዞት ዘገየ። ልጁ ትንንሾቹን ሰልፍ አስይዞ፣ ወስፌውን ከኮቹ ቦርሳ አውጥቶ ኳሷን ሲሰፋ አገኘሁት። «ነገ ደግሞ በሌላ በኩል ትፈነዳለች» አለኝ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

እኛ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ነን። በስድስት ኪሎ በኩል ገብታችሁ ወደ ግራ፣ ከዛፎቹ ሥር። ኳስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።