አዲስ ሞዴል ሲመጣ በምን እንፈትነው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አላችሁ።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ ቃና ዘገሊላን ስናከብር፣ ዲፕሲክ የተባለው የቻይና ኩባንያ አር-ዋን የተሰኘውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ለቀቀ። መልስ ከመስጠቱ በፊት ሐሳቡን በጽሑፍ የሚያወጣና የሚያወርድ ሞዴል ነው። ዌይቱን፣ ማለትም በሥልጠና የተገኙትን 671 ቢሊዮን ቁጥሮች፣ ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበት በኤምአይቲ ፈቃድ ሰጠ።

አብሮ የወጣው ጽሑፍ ሞዴሉ በ2024 እ.ኤ.አ. ኤይም በተባለው የአሜሪካ የሒሳብ ፈተና 79.8 በመቶ፣ ኦ-ዋን የተባለው የአሜሪካው ኦፕንኤአይ ሞዴል ደግሞ 79.2 እንዳገኙ ይገልጻል። ብዙ ሰው «በለጠው» አለ። እስቲ ቁጥሩን ቀረብ ብለን እንየው። ኤይም ሁለቱ ዙር ተደምሮ 30 ጥያቄ ብቻ ነው፤ አንዷ ጥያቄ 3.3 ነጥብ ትይዛለች። የ0.6 ልዩነት የአንድ ጥያቄ ሩብ እንኳ አይሞላም። ያንኑ ጥያቄ ደግመን ብንጠይቀው ደግሞ ሞዴሉ ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ዲፕሲኮች ራሳቸው ደጋግመው ጠይቀው አማካዩን የወሰዱት ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ጠይቆ መፍረድ አይገባም።

ስሙንም እናጣራ። ላፕቶፕ ላይ ጭነን «አር-ዋንን ሞከርኩት» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን አይደለም። ትንሹ፣ ባለ 7 ቢሊዮን ቁጥሩ ነው፤ እሱም አር-ዋን ባዘጋጃቸው መልሶች እንደገና የሠለጠነ፣ ኩዌን የተባለው የአሊባባ ኩባንያ ሞዴል ነው፤ በዚያው ፈተና ያገኘውም 55.5 ነው። እሱ ሲሳሳት ትልቁን መኮነን ተገቢ አይደለም።

ዌይቱ እጃችን መግባቱ ለገምጋሚ ትልቅ ነገር ነው። በድርጅት ሰርቨር ላይ ያለ ሞዴል ሳይነገረን ሊቀየር ይችላል፤ ያወረድነው ፋይል ግን ያው ነው፣ የእኔን ውጤት ሌላ ሰው ከዓመታት በኋላም ሊያጣራው ይችላል። የሠለጠነበት ጽሑፍ ግን አልተለቀቀም። የ2024ቱ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ኢንተርኔት ላይ ስለነበሩ፣ አስቦ ሠራው ወይስ ቀድሞ አይቶት ነበር የሚለውን ከውጭ ሆነን መለየት አንችልም።

ስለዚህ የራሳችን ፈተና ያስፈልገናል። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። «አንዲት ነጋዴ ነሐሴ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ገንዘብ ተበደረች፤ ከ10 ቀን በኋላ ትመልሳለች። የምትመልሰው መቼ ነው?» የዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ስለነበረች መልሱ መስከረም 2 ነው። አሁን 2015ን በ2016 ብቻ ቀይረን እንጠይቀው፤ መልሱ መስከረም 3 ይሆናል። ለምን በጥንድ? ነሐሴን 31፣ ጳጉሜን 5 ቀን ያደረገ ሞዴልም ለመጀመሪያው መስከረም 2 ብሎ ይመልሳል። ሁለት ስህተት ተጣፍተው ትክክል መሰሉ ማለት ነው! ሁለተኛው ጥያቄ ግን ያጋልጠዋል። የጻፈውን ሐሳብ መስመር በመስመር ስናነብ ደግሞ የት እንደሳተ እናገኘዋለን። መልሱን ብቻ አይቶ እርማት የሚሰጥ ገምጋሚ ይህን ሁሉ ያጣል።

በአማርኛ ስንፈትን የምለምናችሁ ነገር አለ። ሞዴል ጽሑፍን የሚያነበውና የሚጽፈው ቶክን በሚባሉ ቁራጮች ነው፤ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር የጽሑፍ አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ የተፈቀደው ቶክን ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ዲፕሲኮች ሲፈትኑ እስከ 32,768 ቶክን ፈቅደዋል። እኛ ገደቡን አጥብበን፣ በመሃል የተቋረጠን ሐሳብ «አልቻለም» ብለን ብንመዘግብ ፈተናችን የተዛባ ነው።

ከሕግ፣ ከሒሳብ አያያዝ፣ ከግብርና፣ እያንዳንዳችሁ ጠንቅቃችሁ ከምታውቁት ሙያ ጥያቄ አዘጋጁ፤ ጥንድ ጥንድ ይሁን። መልሱን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ሠርተው ያመሳክሩት። ኢንተርኔት ላይ ግን አትለጥፉት፤ ከተለጠፈ ለቀጣዩ ሞዴል ማሠልጠኛ ሊሆን ይችላል። የጳጉሜኗን ጥያቄ ዛሬ በአደባባይ ስለተናገርኳት ለፈተና አትሆንም፤ የምታመጧቸው አዲስ ይሁኑ።

አመሰግናለሁ።